ጋሽ ሰርዝ የማይሰርዙት መስመር

ወንድሜ ከሰዓት ጠጋኙ አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በመጋቢት ወር 1951 ዓ.ም. ከአባታችን ሱቅ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታችን የቀሚስ ልክ የሚያወጡት በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ስለነበር ወንድሜ ማንበብ የለመዱት በእሱ ነው። መጨረሻው በመቀስ የሄደ ዜና ሲገጥማቸው «ከዚያስ ምን ሆነ?» እያሉ እናታችንን ያደርቋቸው ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራችን ጨርሰው በ1970 ዓ.ም. ጋዜጣ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ዘጋቢ ሆኑ። በ1976 ዓ.ም. ራሷን ስላጠፋች ተማሪ የጻፉት ዜና ከነፎቶግራፏ ፊት ገጽ ላይ ወጣ። እንዴት እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ምንም አልቀረም። ምክንያቱም «ፈተና ወድቃ» ተባለ፤ አለቀ። ጋዜጣው እንደ ጉድ ተሸጠ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጡ። ልጃቸው በዚያው መንገድ ሞቶ ነበር። ከትራሱ ሥር ያገኙትን የጋዜጣ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?» አሏቸው። ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈሪ ሆኑ። እህታቸው ነኝና አላሳምረውም፤ ፈሪ ሆኑ።

በ1980 ዓ.ም. ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ዋና አዘጋጅ ሲሆኑ ፍርሃታቸውን ቀይ እስክሪብቶ አስያዙት። ስለ ራስን ማጥፋት የሚጻፍ ዜና ሲመጣ «እንዴት» የሚለውን ይሰርዛሉ፤ «የት» የሚለውን ይሰርዛሉ፤ የሰው ሕይወት በአንድ ምክንያት የተቋጨ የሚያስመስለውንም ይሰርዛሉ። ከዚያ ዘጋቢውን አስቁመው «ይሄን ማን ሊያነበው ነው?» ይላሉ። ወጣቶቹ «ጋሽ ሰርዝ» አሏቸው። የሠርግ ጥሪ ወረቀታቸውንም ሳይሰርዙ አልላኩም ተብሎ ተቀልዷል፤ እውነት ነው፣ ሁለት መስመር ሰርዘዋል።

አንድ መስመር ግን አይነኩም ነበር። ከዜናው ግርጌ «ይህ ሕመም ይታከማል፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ» የሚለውንና የክሊኒኩን ስልክ። ገጽ አቀናባሪው አንዴ ለማስታወቂያ ቦታ ጠቦት ሲያወጣው፣ የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ እየተሳደበባቸው ወንድሜ ማሽኑን አስቁመዋል።

በ2004 ዓ.ም. የድብርት ሕመም ያዛቸው። ለሌላው «ንገሩ» የሚሉት ሰው ለእኛ ሳይነግሩን ሁለት ዓመት ቆዩ። ባለቤታቸው ጎትተው ሐኪም ዘንድ ከወሰዷቸው በኋላ ግን ዳኑ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳቁ፣ ቲማቲም ተከሉ፣ ጡረታ ወጥተው እንኳ የጎረቤቱን ማመልከቻ ሁሉ አረሙ። አምና ሕመሙ ተመለሰ። «ደህና ነኝ» አሉን፤ እኛም ማመን ፈልገን ነበርና አመንን።

የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው በዚሁ ሕመም ምክንያት በራሳቸው እጅ ሕይወታቸው አልፏል።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ ደግሜ ጽፌያታለሁ። አጎታችን «‹በድንገተኛ ሕመም› ብለሽ እለፊው፣ ጉዳችንን አደባባይ ታወጪዋለሽ እንዴ?» ብለውኛል። አንድ ዘጋቢ ደግሞ ከሞቱበት ቀን ጀምሮ እየደወለ እንዴት ነው፣ የት ነው ይለኛል። መደበቁንም ፈራሁ፤ መዘርዘሩንም ፈራሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ልጃቸው ያንኑ ሕመም ትታከማለችና። ይህን የምናገረው ፈቅዳልኝ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጽሑፌን ከነቀዩ እስክሪብቶ ሰጠኋት። መጨረሻው ላይ እንደ ወጉ «ከሥቃያቸው ሁሉ ተገላግለው ዐረፉ» ብዬ ነበር። እሷ እዚያ ስትደርስ እስክሪብቶውን አነሳች፤ ሰረዘችው። «አክስቴ፣ ይሄን ማን ሊሰማው ነው?» አለችኝ። የምትለው ስለ ራሷ ነበር። ሞት ግልግል ነው ብዬ ለእሷ ልነግራት፣ ያውም በአባቷ ቀብር ላይ! እንደዚያን ሰዓት የፈራሁበት ጊዜ የለም፤ አሁንም እየፈራሁ ነው የማነበው።

ጋሽ ሰርዝ አልተገላገሉም፤ ተለዩን። ብንደርስላቸው ኖሮ ዛሬም ቲማቲማቸውን ውኃ ያጠጡ ነበር።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን ታናሽ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ፍርሃታቸውንም ከትከሻቸው ያውርድላቸው። ለእኛ ደግሞ «ደህና ነኝ» ሲሉን ደግመን የምንጠይቅበትን ጆሮ ይስጠን።

ከዚህ ወረቀት ግርጌ የእሳቸው መስመር አለ። የክሊኒኩን ስልክ በእጇ የጻፈችው ልጃቸው ናት፤ ዛሬ ጠዋትም ቀድማ ወደዚያ የደወለችው እሷ ናት።

ይህ ሕመም ይታከማል፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ።