በፈረሱ መጽሐፍ ጀርባ የጻፍኻቸው ስሞች

ለአካሌ፣ ለመሪጌታ ጥሩነህ፤

እንደምን ከርመሃል ልልህ አልሁና ብዕሬ ቆመ፤ እዚያ እንዴት እንደሚከረም የሚያውቅ ሰው እዚህ የለም። ብቻ ባለህበት ደኅና ሁንልኝ። ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰው ፊት አንቱ፣ በራችንን ዘግተን መጽሐፍ ስናነብ ግን አንተ ስልህ ኖሬአለሁ። ይኼንንም በር ዘግቼ ነውና የምጽፈው አንተ ልበልህ።

የምጽፈው ባንተው ቀለም ነው። ደርቆ ነበር፤ ውኃ ጠብ አድርጌ አላቀቅሁት። ፈዘዝ ብሏል፣ ታገሰኝ። ፊደሌንም ታውቀዋለህ፤ «ፊደልሽ ጭልፊት እንዳየ ጫጩት ይበታተናል» ትለኝ ነበር፤ አሁንም አልሰበሰብሁትም።

ቤቱ ደኅና ነው ልልህ አስቤ ነበር፤ ላንተ መዋሸት አልችልበትም። ጓዳው ያፈሳል። ቀይዋ ላም ወልዳ ነበር፤ ጥጃውን ጣሊያኖቹ መንገድ ለሚቆፍሩት ሰዎች ቀለብ ብለው ነዱት። ከደምበጫ ወደ ቡሬ የሚሄደው መንገድ እየሰፋ ነው፤ ድንጋይ ሲፈለጥ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። እህቴ ስንዱ ባሏ ታደሰ ዱር ከገባ ወዲህ ከኔ ጋር ነበረች። አንተ የምትቀመጥበት መደብ ላይ አንድ ቀን አልተቀመጠችም፤ ዞራ ነበር የምታልፈው። ነበረች ያልሁህን ልብ በል፤ እደርስበታለሁ።

«መጽሐፎቹስ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ከኔ ደኅንነት አስቀድመህ እነሱን ነው የምትጠይቀው፤ አልቀየምህም። ትልልቆቹን አንተው ሽንዲ ቆላ ወስደህ ደብቀሃቸዋል፤ የወሰደህን ንዳድም ይዘህ የመጣኸው ከዚያ ነው። የቀሩት አሥራ አንዱ ጎተራው ውስጥ ከጤፉ ሥር ናቸው። አልጋ ላይ ሆነህ «አትጠገብ፣ አትቅበሪያቸው፤ ሰው ያንብባቸው» ያልኸኝን ይዤ ማዋሱን ቀጠልሁ።

አሰጣጥህ ግን ለኔ ከባድ ነበር። ሰው መጥቶ «ያንን መጽሐፍ ይስጡኝ» ሲልህ መች ትሰጥ ነበር? መጀመሪያ እንቅልፉን፣ ቀጥሎ ምግቡን፣ ከዚያ የተጣላውን ሰው ትጠይቀዋለህ። «መጽሐፍ ልዋስ እንጂ ልታከም አልመጣሁ!» ያለህን አያ ደሴን አስታወስኸው? የነገሥታት ጦርነት ካልሆነ አላነብም ይል የነበረውን ሽማግሌ፣ አንተ የባሕታዊውን ታሪክ ሰጠኸው። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና «መሪጌታ፣ ይኼ ሰውዬ ሰባት ዓመት ዋሻ ውስጥ ሲቀመጥ አንዲት ጥይት እንኳ አይተኩስም!» ብሎ ጮኸ። ግን መጽሐፉን አልመለሰውም። ሁለት ወር አቆየው፤ ከልጁ ጋር የታረቀውም ያኔ ነው።

ለእማሆይ ብርቄ ደግሞ የባሕር ተጓዦቹን አዘዝህላቸው። ዓይናቸው ስለደከመ እኔ ነበርሁ የማነብላቸው። ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ መርከቡ ሲናወጥ ግን መቋሚያቸውን ጭብጥ አድርገው ይይዙ ነበር። ለጎረቤታችን ልጅ ለዘነቡ፣ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላት፣ ሥዕል ያለበትን የአራዊት ተረት ሰጠኻት። «ልጅ መጀመሪያ አንበሳውን ትይ፤ ፊደሉ አንበሳውን ተከትሎ ይመጣል» አልኸኝ። መጣም። የመድኃኒቱን መጽሐፍ ደግሞ ጎልማሳ ላልሆነ ሰው አሳልፈህ አትሰጥም ነበር፤ ወጣት ካነበበው ያላመመውን ሁሉ ያመዋል ብለህ።

ይኼን ሁሉ በጽሑፍ ይዘኸው ነበር። ብራና ስለጠፋ ስለ ፈረስ ከሚተርከው ከፈረሱ መጽሐፍ ጀርባ ባዶ የቀሩትን ሁለት ቅጠሎች ወስደህ፣ የያንዳንዱን ሰው ስም፣ አገሩን፣ የሚወደውን፣ ቀጥሎ ምን ቢሰጠው እንደሚበጀው ጻፍህ። ከላይ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ጸሐፊዎች ልማድ ግዝት አሰርህበት፤ የፋቀው ውጉዝ ይሁን ብለህ። እንዲህ የሚልም ነበረበት፤ «ታደሰ፣ የስንዱ ባል። ዱር ነው። በሚስቱ በኩል ይላክለት። አጫጭር ታሪክ ይሁን፣ በጥበቃ መካከል የሚያልቅ።» እንደሱ ያሉ ሌሎች አራት ነበሩ፤ በማን በኩል እንደሚላክላቸው ጭምር። ስትጽፍ ስለ መጽሐፍ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አላሰብህም። እኔም አላሰብሁም።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ልሳነወርቅ መጣ። አራት ዓመት ካንተ እግር ሥር የተማረው፣ ከገበታችን የበላው ልሳነወርቅ። መጀመሪያ መቃብርህ ላይ ሄዶ አለቀሰ፤ ከዚያ ቤት ገብቶ «እመይቴ፣ የፈረሱን መጽሐፍ ያውሱኝ። መሪጌታ ላንተ ይኼ ነው ብለው የሰጡኝ የመጀመሪያ መጽሐፍ እሱ ነው» አለኝ። ሆዴ ባባ። ያንተን ትእዛዝ የሚያስታውስ ሰው አገኘሁ ብዬ፣ ሳልገልጠው እንኳ፣ በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ከፋሲካ በኋላ የቡሬ ገበያተኞች ወሬ ይዘው መጡ። ልሳነወርቅ ከጣሊያኖቹ ካምፕ ገብቷል፤ ካኪ ለብሷል፤ ሥራውም ጽሕፈት ነው፤ የሰው ስም ይመዘግባል። አዘንሁ፣ አንተን አሰብሁ፣ በዚያው ተውሁት። ከሳምንት በኋላ እማሆይ ብርቄ «የባሕሩ አለቀ፤ ቀጥሎ ምን ነበር መሪጌታ ያዘዙልኝ?» ሲሉኝ ዝርዝርህን ልይ ብዬ ጎተራው ውስጥ እጄን ከተትሁ። እጄ እዚያው ቀረ። ዝርዝሩ የት እንዳለ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። የስንዱ ስም፣ የታደሰ ስም፣ የአገር ሰው ሁሉ ስም ከስም መዝጋቢው ቤት ገብቷል።

ለስንዱ ነገርኋት። «ሂጂና መልስልኝ በይው» አለችኝ። አይሆንም አልኋት። እንዲያው መልስልኝ ብዬ ብጠይቀው ምነው ቸኮሉ ይላል፤ ምነው ቸኮሉ ካለ ደግሞ እስከዛሬ ያላየውን ቅጠል ይገልጣል። በፈቃዱ የሚመልሰው የሚበልጥበትን ሌላ ካገኘ ብቻ ነው። ስለዚህ ያንተን ሥራ መሥራት ነበረብኝ፤ ለአንድ ሰው አንድ መጽሐፍ መምረጥ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የነገሥታቱን ጦርነት አነሣሁ፤ ፈረስ የወደደ ጦርነትም ይወዳል ብዬ። ከዚያ አንተ ብትሆን ምን ትጠይቅ ነበር አልሁና በርበሬ ከቡሬ የምታመጣልኝን ሴት «ልሳነወርቅ እንዴት ነው? እንቅልፉስ?» አልኋት። «ኧረ እሱ እቴ! አይተኛም አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይመጣል፣ ሳይሳለም ይመለሳል» አለችኝ። ይኼን ስሰማ የነገሥታቱን መልሼ አስቀመጥሁ። ትንሿን ጥቁር መጽሐፍ አወጣሁ፤ ያችን መምህሩን አሳልፎ ስለ ሰጠውና ዕድሜውን ሙሉ ወደ ደጁ ስለተመላለሰው ደቀ መዝሙር የምትተርከውን። ለወጣት ሰጥተሃት አታውቅም። «ያልበደለ ሰው ትሰለቸዋለች» ትል ነበር።

ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ በእንቁላል ቅርጫት ሥር አድርጌ ቡሬ ሄድሁ። ከካምፑ በር የቆመው ባንዳ ቅርጫቴን በሰደፉ ነካ አድርጎ «አሮጊት፣ እንቁላል ነው ቦምብ?» አይለኝም! አሮጊት! «ስበረውና እየው፤ ለምሳህ ግን አትመጣብኝም» አልሁት። ጓደኞቹ ሳቁበት። ጸሐፊውን ልሳነወርቅን ጥሩልኝ አልኋቸው።

ልሳነወርቅ ወጣ። ከስቷል። «እመይቴ! ከዚያ ድረስ በእግርዎ?» ብሎ ጉልበቴን ለመሳም ጎንበስ አለ፤ ዘበኛው እያየው መሆኑ ትዝ ሲለው ቀና አለ።

«የፈረሱን ጨርሰኸዋል ብዬ ሌላ አመጣሁልህ» አልሁት፤ ትንሿን አውጥቼ።

አወቃት። «ይችን እንኳ መሪጌታ ከልክለውኛል፤ ገና ነህ ብለው።»

«አሁን ደርሰሃል» አልሁት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥሁ፤ መልሼ ብውጠው በወደድሁ ነበር።

እዚያው በቆመበት ገለጣትና የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ፤ አንተ እንዳስተማርኸው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እስከ መጨረሻው መስመር። ከዚያ ሳልጠይቀው ገብቶ የፈረሱን መጽሐፍ በነጠላ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «ዝናብ እንዳይነካው ይጠንቀቁ፤ ብራናው ሳስቷል» ብቻ ነው ያለኝ። እንቁላሉን ተውሁለት፤ አልቀበልም ብሎ ነበር፣ ለእናትህ ስትል ስለው ተቀበለኝ።

ቡሬን አልፌ እስከ ወንዙ ድረስ አልገለጥሁትም። እዚያ ቁጭ ብዬ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቅጠሎች ፈለግሁ። ተፍቀዋል። በቢላ፣ በጥንቃቄ፣ ብራናው ወደ ፀሐይ ሲያዩት ጣት እስኪያሳይ ድረስ። አንድ ስም አልቀረም። የቀረው ከላይ ያለው ግዝትህ ብቻ ነው። ግዝቱን እያየ ነው የፋቀው ማለት ነው፤ ደግሞ ግዝት ምን እንደሆነ ከልሳነወርቅ በላይ ማን ያውቃል? ያስተማርኸው አንተ ነህ።

እልል ልል ነበር። ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝና አፌን ያዘኝ። ከመፋቁ በፊት ለማን አነበበው? እኛን ለማዳን ውግዘቱን በራሱ ላይ ወሰደ፣ ወይስ ስሞቹን ወደ ጌቶቹ መዝገብ ገልብጦ ሲያበቃ እጁን አጠበ? ፊቱን በልቤ መልሼ መላልሼ አየሁት። አንተ ብትሆን ታውቅ ነበር። እኔ መጽሐፍ መረጥሁለት እንጂ ሰውየውን አላነበብሁትም።

ስለማላውቅ ሁሉንም አስጠነቀቅሁ። ስንዱ በማግስቱ ወደ ሽንዲ፣ ወደ ባሏ አክስት ሄደች። ስትሄድ ወደ ኋላ አላየችም፤ ብታይ እንደማትሄድ ታውቃለች። ሌሎቹም ከብታቸውን ሳይቀር ይዘው ተበተኑ። ይኸው አምስት ሳምንት ሆነ፤ የመጣ ወታደር የለም። የከፋውስ ይኼ ነው፤ ካልመጡ ልሳነወርቅን አምቼዋለሁ፣ ሰውንም በከንቱ ከቤቱ አስወጥቻለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን እጄ የያዘውን ይጥላል።

አሁን የቀሩት መጽሐፎች አሳሰቡኝ። መጽሐፉን ጨርሶ የሚመልስ ሁሉ፣ ቀጥሎ የሚያነበው ሰው እግዜር ይማረው እንዲልለት፣ ከመጨረሻው ቅጠል ስሙን እንዲጽፍ ታደርግ ነበር። ያልቻለውን እጁን ይዘህ ታጽፈው ነበር። በዚያም ሁሉ ላይ ግዝትህ አለበት። የንስሐ አባቴን አማከርኋቸው። ጢማቸውን አሹና «ጥሩነህ ቢኖር ቢላውን እሱ ይስል ነበር። ፋቂው፤ ከግዝቱ እፈታሻለሁ። ስግደቱን እኩል እንካፈላለን፤ የኔ ጉልበት እንኳ ከወደቀ አይነሣም» አሉኝ። እያለቀስሁ አሣቁኝ።

ከሰኞ ጀምሬ እየፋቅሁ ነው። ይቅር በለኝ። የአያ ደሴን ስም ስፍቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ እንደ ድምፁ ትልልቅ አድርጎ ነው የጻፈው። የዘነቡን ስፍቅ ግን ቢላውን አስቀምጬ ወጣሁ፤ የጨረስሁት በማግስቱ ነው። የልጅቷ የመጀመሪያ ጽሑፏ ነው፤ «ቡ»ን ገልብጣዋለች። ከያንዳንዱ በፊት ስሙን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ፤ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ቀጥሎ ምን እንዳሰብህለት። ጥጥ ስፈትልም እደግመዋለሁ። እማሆይ ብርቄ ከባሕሩ ቀጥሎ የበረሃው መንገደኛ ነው፤ አስታውሼ ሰጠኋቸው። ታደሰ አጫጭር። አያ ደሴ አሁን ተፈቅዶለታል፣ ነገሥታቱን ያንብብ። ከእንግዲህ ዝርዝርህ እኔ ነኝ። ሰዎቹ ወደ ቤታቸው እስኪመለሱ አንዱንም አልረሳም፤ ሲመለሱም ብዕሩን ለየራሳቸው እሰጣቸዋለሁ።

ባንድ ነገር ብቻ አባን አልታዘዝኋቸውም። ሁሉንም ስም ፋቂ ብለውኝ ነበር። ያንተን ተውሁት፤ ከያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ እንደ ጻፍኸው አለ። አንድ ቀን መጥተው ጎተራውን ቢገለብጡና «መሪጌታ ጥሩነህ የት ነው?» ቢሉኝ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ከፊት ከፊታቸው እሄዳለሁ፤ መቃብርህንም አሳያቸዋለሁ።

ያንተው አትጠገብ