አባቴ «ይቅጡልኝ» ላላቸው ዳኛ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ክላርክስተን (አትላንታ አጠገብ)

ለክቡር የታዳጊዎች ፍርድ ቤት ዳኛ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰላም ይሁን እላለሁ፤ ከእኛ ቤት እንቅልፍ ከሄደ ሰንብቷል። ይህን ለመጻፍ ብዙ እንደፈራሁ አልደብቅዎትም። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄን የማላወጣ ልጅ ነኝ። ስሜ ሰሀር ነው፤ እስከ ትምህርት ዘመኑ መጨረሻ በታዳጊዎች ማረሚያ እንዲቆይ የፈረዱበት የጀዕፈር ታላቅ እህት ነኝ። በአማርኛ የምጽፈው፣ የእኛ አባቶች ነገ ተነገ ወዲያ እርስዎ ፊት ሊቆሙ ስለሚችሉ እነሱም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ለእርስዎ አስተርጓሚዎ ያነብልዎታል።

አንደኛ፣ ለዓይንዎ ጥራት አመሰግናለሁ። ወንድሜና ታከር ከሚባለው ጎረቤት ከተማ የሆነው ነጭ ጓደኛው ሳይቆለፍ የቆመ የሰው መኪና ውስጥ አብረው ገብተው፣ ከፓርኪንጉ ሳይወጡ ከምሰሶ ጋር ተጋጩ። ሁለቱም አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። መሪውን የያዘው ነጩ ልጅ እንደነበር ፖሊሱም ጽፏል፣ ልጁም አልካደም። እርስዎ ግን በእሱ ላይ «የልጅነት ስህተት» ሲያዩ፣ በጀዕፈር ላይ «ለኅብረተሰቡ አስጊ» የሚያሰኝ ነገር አዩ። በአንዲት መኪና ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ማግኘት ለሁሉም ሰው የሚሰጥ ችሎታ አይደለም። ጓደኛው የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጽፍ ታዝዞ ለእራት ቤቱ ደረሰ።

ሁለተኛ፣ አባቴን ስላመኑት አመሰግናለሁ። አባቴ ሙሀመድሰዒድ ከወሎ ይዞት የመጣው ሥርዓት አለ። ልጅ ሲያጠፋ አባት ትልቅ ሰው ፊት ቀርቦ «ልጅዎ ነው፣ ይቅጡልኝ፤ እኔ አልቻልኩትም» ይላል። ትልቁ ሰው ልጁን ይገሥጽና «በል ለእኔ ስትል ማረው» ብሎ ከአባቱ ጋር ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። «ይቅጡልኝ» የሚለው አባት ምሕረት እየለመነ መሆኑን የእኛ ሰው ሁሉ ያውቃል። አባቴም የሥራ ልብሱን ቀይሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደዚያው አለዎት። እርስዎ ታዲያ «ወላጁ ራሱ መቆጣጠር እንዳልቻለ አምኗል» ብለው በውሳኔው አሰፈሩት። የዚያኛው አባት «ልጄ ጨዋ ነው» ሲልዎትም እንዲሁ አመኑት። አባቴ እስከ ዛሬ አስተርጓሚው የተሳሳተ ይመስለዋል። አልተሳሳተም፤ እኔም ይህን ልነግረው አልደፈርኩም።

ሦስተኛ፣ ስለ ምክርዎ። የሁለቱን ልጆች ውሳኔ ጎን ለጎን አድርጌ፣ ፊቴን ሳላሳይ ቲክቶክ ላይ ፖስት አደረግኩ። አንዱ «ወንድምሽ የሰው መኪና ውስጥ ሲገባ የት ነበርሽ፣ ወሬኛ!» አለኝ። ሌላዋ «የኔ እናት፣ ዲሊት አድርጊው፣ እዚያው ያስቀሩብሻል» አለችኝ። ከዚያ ግን የሶማሌ፣ የኮንጎና የጥቁር አሜሪካውያን እናቶች ስለ ልጆቻቸው ይጽፉልኝ ጀመር፤ ነገሩ አንድ ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያያል። ሳይውል ሳያድር ከፍርድ ቤቱ ተደውሎ «የኢንተርኔቱ ነገር ቢቆም ለጀዕፈር ይሻለዋል» ተባልን። ከዚያ ወዲህ አንድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ አፓርታማችን ፊት ይቆማል። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ እናቴ ግን መጋረጃ መክፈት ትታለች። ጀዕፈርም ባለፈው ሲደውል «አልጋዬን ለሰው እንዳትሰጡብኝ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ የእሱ አልነበረም።

ነገ ጠዋት ውሳኔዎን እንደገና አይተው፣ ጀዕፈር ወደ ቤቱ ይመለስ ወይስ ከአትላንታ ርቆ ወዳለው ትልቁ ማረሚያ ይዛወር የሚለውን ይወስናሉ። ለዚህ ድካምዎም በቅድሚያ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ፍርሃት ጋር፣
ወንድሟን እጅዎ ላይ የተወችው
ሰሀር ሙሀመድሰዒድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምክርዎን አክብሬ ነገ ምንም ፖስት አላደርግም፤ ከእናቶቹ ጋር በአካል እመጣለሁ። እነሱን ውጭ ቢያስቀሯቸውም እኔ ከአባቴ ጋር እገባለሁ። አባቴ ዝም እንዲል ለምኜው እሺ ብሏል፤ የምናገረው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩት እዚሁ እርስዎ አገር ስለሆነ፣ አልገባኝም ብለው የሚያመካኙበት አስተርጓሚ በመካከላችን አይኖርም።