አጭር ጥይት የሚጎርሰው ጠመንጃ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12፤ መርሳ

አልሐምዱሊላህ፣ አባዬ ዛሬ ከነሁለት እጃቸው ቤት ገቡ። የአደን ጠመንጃቸው አጭር ጥይት ካልሆነ አይጎርስም፤ አጭሩ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆየ። ስለዚህ የረጅም ጥይት ቀለህ አሳጥረው ቆርጠው፣ ባሩዱን በግምት ሞልተው ማሽላውን ከዝንጀሮ ሊጠብቁ ወረዱ። ተከተልኳቸው።

«አባዬ፣ ፈንድቶ እጅዎን ይወስደዋል!»

«ቢስሚላህ ብዬ ነው የሞላሁት» አሉኝ ተቆጥተው።

ዝንጀሮዎቹ ሲመጡ አነጣጠሩ። ጆሮዬን ደፈንኩ። ቃታው ቀጭ ብሎ ቀረ፤ ጥይቱ አልተተኮሰም። ዝንጀሮዎቹ ግን አፈሙዙን ገና ሲያዩ ገደሉን ይዘው ጠፍተዋል።

አባዬ ግንባራቸውን ጠርገው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«እኔም ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። ከነገ ጀምሮ ባዶውን ነው የምይዘው። ለዝንጀሮ ማን ይነግርብኛል?»