የሰላምአብ መኪና ጣሪያ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰላምአብ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከሱቁ ጣጣና ከሶዶ ዝናብ በቀር ደህና ነኝ። ስልክህ ከጥር ወዲህ ስለማይሠራ በወረቀት ጻፍኩልህ። ወደ ጆሃንስበርግ የሚመለሰው የጎረቤታችን የምሕረት ባል ይዞልህ ይመጣል።

መኪናህ በጣሪያዋ መስታወት በኩል ታፈስ ነበር። አውቃለሁ ብዬ ዳር ዳሩን በሲሊኮን ደፈንኩት፤ ባሰባት፤ የአንተ ወንበር ራሰ። መካኒኩ ቶማ መስታወቱን ከፍቶ ሳቀብኝ።

«ጋሼ ኪዳኔ፣ ያቆሙት መኪና ነው ወይስ የችግኝ ጣቢያ?»

ዋንዛው ሥር ሁለት ክረምት ስትቆም የውሃ መውረጃ ቱቦዋ በቅጠል ተደፍኖ፣ ከላዩ ሣር በቅሎበታል። በቀጭን ሽቦ ጠረገው። አንድ ጆግ ውሃ ስናፈስባት ሁሉም በጎማው በኩል ወረደ፤ ውስጧ ጠብ ያለ ነገር የለም።

እናታችን ለመስቀል አገር ቤት የምትሄደው አንተ እየነዳህላት እንደሆነ ለሰው ሁሉ አውርታለች። ስለ አንተ ስትጠይቀኝ፣ «ትናንት ደውሎ ነበር፤ ተኝተሽ ነው» እላታለሁ።

መኪናዋን ልግዛ የሚለው የገሱባው ነጋዴ ዛሬም መጣ። «ጣሪያዋ ተሠራ አሉ። ባለቤቷ እንደሆነ ከእንግዲህ...» ብሎ ሳይጨርስ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። በንግድ ዘመኔ የዕቃዬን ነውር ደብቄ አውቃለሁ፤ የሌለባትን ነውር አውርቼ ግን አላውቅም ነበር።

«አሁንም ታፈሳለች» ብዬ መለስኩት።

ቁልፉ ከተውክበት ምስማር ላይ ነው። እመቤቴ ባለህበት ትጠብቅህ።

ወንድምህ ኪዳነወልድ