ሒክማ ስላልሰጠችው ደም

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ጥዑመ ልሳን፣
ሐይቁ ዳር ላለው ክሊኒክ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎ ጤና እንደሚጠበቅ አልጠራጠርም፤ ሲታመሙ የሚታከሙት በራስዎ ክሊኒክ እንዳልሆነ ሰምቻለሁና። እኔ አብዱልበሲጥ ሙሀመድየሱፍ እባላለሁ፤ ገበያው ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ባለፈው ማክሰኞ የሰባት ዓመት ልጄን ሒክማን ይዤ መጥቼ በዘበኛዎ ዱላ ቀኝ ክንዴ የተሰበረው ሰው ነኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ ግራ እጄ ገና እየተማረ ነው።

ልጄ ወተት በጠጣች ቁጥር ሆዷ ተነፍቶ ስታለቅስ ታድራለች። እናቴ ወይዘሮ ጀሊላ ግን ልጅ የሚከሳው ወተት ሲያንሰው ነው ብላ፣ ከመራዊ እያስመጣች ታጠጣታለች፤ እርሷን ተከራክሮ የረታ ሰው በቤታችን የለም። ስለዚህ እኔ የፈለግሁት ማኅተም ያረፈባት አንዲት ወረቀት ነበረች። ምርመራው ቀላል ነው ተብዬ ነበር፦ ልጅቱ በባዶ ሆዷ በውኃ የተበጠበጠ የወተት ስኳር ትጠጣለች፣ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ደም ይወሰዳል፤ የደሟ ስኳር ከፍ ካለ ሆዷ ፈጭቶታል፣ ካላለ ወተት አይስማማትም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ምርመራው እስኪያልቅ መጸዳጃ ቤቱ እንዲቆለፍ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። መድኃኒት የጠጣ ሰው መጸዳጃ ቤት ከተቀመጠ መድኃኒቱ አብሮ ይወጣል የሚለውን የመንደር ወሬ ዶክተር ሆነው በሩ ላይ ለጥፈውት ሳይ፣ የተማረ ሰው አይናቀንም ብዬ ኮራሁ።

ሁለተኛ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ደም እንደተወሰደ ሒክማ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተጠቀለለች። ዘበኛዎን አቶ አለበልን ቁልፉን በአላህ ስም ለመንሁት፤ ትእዛዝ ነው አለኝ። በሩን በእግሬ ገነጠልሁት። እርሱም ትእዛዙን አክብሮ ዱላውን ክንዴ ላይ አሳረፈ፤ አጥንቴ ሲሰበር ልጄ ሰማች፣ ልብሷ ላይ ያመለጣትም ያኔ ነው። እኔም በቀረኝ እጅ ሁለት የፊት ጥርሶቹን አራገፍሁለት። አልተጸጸትሁም፤ ዳግም ባገኘው ሦስተኛውን እጨምርለታለሁ። ከሦስት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ሦስታችንም ፖሊስ ጣቢያ ነበርን።

ሦስተኛው ውለታዎ ከሁሉ ይበልጣል። ሐሙስ ዕለት ውጤቱን በማኅተም አስውበው ቤቴ ድረስ ላኩልኝ። በሦስት ሰዓት ተኩልና በአራት ሰዓት የተወሰደው የሒክማ ደም ስኳሩ በደንብ ከፍ ስላለ ወተት ይስማማታል ይላል። በዚያ ሰዓት ልጄ ጣቢያው አግዳሚ ላይ በኮቴ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጥ ነበር። የማንን ደም ቀዱ፣ ክቡር ሆይ? ከአቶ አለበል ድድ የፈሰሰውን ከሆነ፣ እርሱ ወተቱን ይጠጣ፤ ማኘክ አያስፈልገውም።

እናቴ ማኅተሙን አየችና እኔ ሱቅ ሳለሁ ሁለት ብርጭቆ አጠጣቻት። ዛሬ ሒክማ ሆስፒታል ተኝታለች፤ በተቅማጥና በትውከት ውኃዋ አልቆ ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። እርስዎን የጠላሁትን ያህል በዕድሜዬ ሰው ጠልቼ አላውቅም። ሆኖም የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ውጤት ሐሰት ነው ብለው በፊርማዎ ይጻፉልኝ።

የክሊኒክዎ በሮች ሁሉ እኔ እንደከፈትሁት በር ለታማሚ ክፍት እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ ከማይታጠፈው ክንዴና ከማይበርደው ንዴቴ ጋር በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

አብዱልበሲጥ ሙሀመድየሱፍ
የሒክማ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋዋ አጠገብ አጥፌ ሳልጨርስ አንዲት ነርስ፣ እናቴ ለሐኪሞቹ ያስረከበችውን የእርስዎን ውጤት ፋይሉ ውስጥ አንብባ፣ ለልጄ አቅም እንዲሆናት ብላ ወተት በኩባያ ይዛ ገባች። ሒክማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኩባያውን ነጥቄ ወለሉ ላይ ሰባበርሁት። ነርሷ ወረቀቱን እያሳየችኝ ማኅተም አለው እኮ አለችኝ፤ አሁን ጥበቃ እየጠራችብኝ ነው።