ፓፓ ማታዮን ያስተካከልኩበት ሰሞን

ጁን 17

ዛሬ ከበሮ ቀዳን። በስንት ቀጠሮ!

የመንደራችን አንጋፋ ከበሮ መቺ ፓፓ ማታዮና አራቱ ሰዎቻቸው በሦስት ሞተር ሳይክል መጡ፤ ፓቴዎቹን፣ ከግንድ የተፈለፈሉትን ከበሮዎች፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው። የጓሮዋ መቅጃ ክፍሌ ለአምስት ከበሮ መቺ አትበቃም። በር ዘግተን፣ ማራገቢያ አጥፍተን፣ ላብ በላብ። የጎረቤት አውራ ዶሮ ሁለት ጊዜ ቅጂ አበላሸብን። በሦስተኛው ፓፓ ማታዮ በመስኮት ብቅ ብለው "አንተ! ወይ ግባና ምታ፣ ወይ አፍህን ዝጋ!" አሉት። ዘጋ። እኔ እንኳ እንደዚያ አልፈራቸውም።

በኦገስቱ የደሴታችን በዓል የሚወጣው የመንደራችን ዘፈን ነው። ጊታሩንና ኪቦርዱን ባሕር ማዶ ኦክላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ኖሮዋ ቀድቶ ልኮልኛል። የቀረው ከበሮው ነበር። እሱም አለቀ። ቀላል ነው... ቆርጬ፣ እየዞረ እንዲደጋገም ሉፕ አድርጌ፣ ከዘፈኑ ሥር መደርደር ብቻ።

ጁን 19

ቀላል አይደለም።

ኖሮዋ የላከው የዘፈኑ ፕሮጀክት በደቂቃ መቶ ሃያ ምት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መቶ ሃያ፣ ንቅንቅ የለም። ከፓፓ ማታዮ ምት በጣም ያማረውን አሥራ ስድስት ሰከንድ ገደማ ቆርጬ ደጋገምኩት። አንደኛው ዙር ደህና። ሁለተኛው ደህና። አራተኛው ላይ ጆሮዬን በላኝ። ስምንተኛው ላይ ከበሮው ጊታሩን አንድ ሰከንድ ያህል ቀድሞት ሄዷል! ሁለት ሰዎች በአንድ በር ሊገቡ ሲጋፉ ይመስላል።

ለካ ፓፓ ማታዮ ሲጀምሩ መቶ አሥራ ስምንት ናቸው፤ ሲጨርሱ መቶ ሃያ አራት። ኮምፒውተሩን "ይሄ ምት ስንት ነው?" ብዬ ብጠይቀው መቶ ስልሳ አንድ አለኝ። ደደብ።

ጁን 20

ለኖሮዋ ደወልኩ። ነገርኩት። ሳቀ።

"ሽማግሌው ሰዓት አይጠብቅም ማለት ነዋ!"

"ሽማግሌው ስም አላቸው።"

"እሺ፣ ፓፓ ማታዮ ሰዓት አይጠብቁም። ተደሰትሽ? ስሚ ቴፓኤሩ፣ እያንዳንዱን ምት ቆርጠሽ የመቶ ሃያው መስመር ላይ አስቀምጪው። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ማንም አያውቅም።"

ማንም አያውቅም! ኦክላንድ ተወልዶ፣ ኦክላንድ አድጎ፣ ለገና ብቻ እየመጣ ዶናት በልቶ የሚሄድ ልጅ... ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸውን ሰው ከበሮ ሊያስተምር!

ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ ምን አደረግሁ? የቁጣዬን ያህል ሰው ብሆን ኖሮ እምቢ እል ነበር።

ጁን 24

አደረግሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስድስት መቶ ምናምን ምት፣ አንድ በአንድ። የቀደመውን ወደኋላ፣ የዘገየውን ወደፊት፣ ክፍተቱን ለጠጥ። አሁን ሉፑ መቶ ጊዜ ቢዞር ከጊታሩ የፀጉር ያህል እንኳ አይርቅም።

ኖሮዋ "አሁን ገና ከበሮ ሆነ!" ብሎ ጻፈ።

ሰማሁት። ልክ ነው። ምንም ስህተት የለበትም። ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

ጁን 27

አሁን ከመንደሩ አዳራሽ መመለሴ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የጭፈራ ልምምድ ነበር። ማማ ቱንጋኔ፣ የጨፋሪዎቹ አሠልጣኝ፣ "እስቲ ቅጂውን አሰሚን" አሉ። ድምፅ ማጉያው ላይ ሰክቼ ለቀቅሁት። ልጃገረዶቹ ተሰለፉ፣ ጀመሩ... ወገባቸው ይዞራል፣ እግራቸው ይሄዳል፣ ግን እንደታዘዘ ሰው። ራሪ የምትባለዋ፣ ከሁሉ የምትበልጠዋ፣ መሐል ላይ ቆመችና "ማማ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እግሬ አልነሳ አለኝ" አለች።

ፓፓ ማታዮ ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?"

የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀልኩ።

"አንቺን ነው እኮ። ማነው የሚመታው? ፓቴው የኔ ነው፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። ሰውየውን ግን አላውቀውም።"

"እርስዎ ነዎት ፓፓ... ትንሽ አስተካክዬው ነው።"

አስተካክዬው! ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

ሰው ሁሉ እያየ ነው። ፓፓ ማታዮ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ተነሡ፣ መምቻ እንጨቶቻቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ፣ "እንግዲህ የተስተካከለው ሰውዬ በዓሉ ላይ ይምታላችኋ" ብለው ወጡ። አራቱም ተከትለዋቸው ወጡ። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም።

ጁን 29

እሁድ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በኔ አግዳሚ የተቀመጠ የለም።

ጁላይ 2

ማማ ቱንጋኔ እቤት ድረስ መጡ። አልተቀመጡም።

"በዓሉ አንድ ወር ቀርቶታል። ሠላሳ ሁለት ጨፋሪ አለኝ፣ አንድም ከበሮ መቺ የለኝም። ሌላው መንደር እየሳቀብን ነው። ምን ልታደርጊ ነው?"

"ኖሮዋ ነው እኮ..."

"ኖሮዋ ኦክላንድ ነው። እጁ እዚህ አይደርስም። የማን እጅ ነው የቆረጠው?"

ይህን ብለው ወጡ።

ከሰዓት ለኖሮዋ ጻፍኩለት። ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? "አትጨነቂ፣ የተዘጋጀ የደሴት ከበሮ ሉፕ አለኝ፣ መቶ ሃያ ላይ ልክ ቁጭ ይላል። እልክልሻለሁ።"

የደሴት ከበሮ! የየትኛው ደሴት? የማን? ለኛ ዘፈን፣ ለኛ በዓል፣ የማይታወቅ ሰው ከበሮ ከሳጥን ሊያወጣልኝ! ስልኬን ፍራሽ ላይ ወረወርኩት። ግድግዳ ላይ ለመወርወር ድፍረቱ አልነበረኝም።

ጁላይ 4

ፓፓ ማታዮ ጋ ሄድኩ። የጎደሬ ማሳቸው ውስጥ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ውጧቸዋል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ የመጣሁት ሁሉ ጠፋኝ።

"ፓፓ፣ አጥፍቻለሁ።"

"አውቃለሁ።" አረሙን ነቀሉ። ቆይተው፣ "ቀደመ ነው ያላችሁኝ?" አሉ።

"ኖሮዋ... ሰዓት አይጠብቁም አለ።"

ያኔ ቀና አሉ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ሠላሳ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የደወለው ማነው? ሠላሳ ዓመት! አንድ እሁድ አሳልፌያለሁ? ፓስተሩ ሰዓቱን የሚሞላው በኔ ነበር! ሰዓት ምን እንደሆነ ለኔ ይነግረኛል?"

"ታዲያ ለምን ይፈጥናሉ?"

የሞኝ ጥያቄ መሆኑ ገባኝ፣ ግን ጠየቅሁ። እንደ ሕፃን አዩኝ።

"ዙሩ ሲጋመስ ልጃገረዶቹ ዞረው ጀርባ ይሰጣሉ። ከዞሩ በኋላ ሰውነታቸው ይሞቃል፣ ጉልበታቸው ይቀላል። ያኔ ካልጨመርኩላቸው ይሞቱብኛል። ክፍልሽ ውስጥ ጨፋሪ አልነበረም። ቢሆንም እኔ አያቸው ነበር።"

ጭቃው ውስጥ ቆሜ አፈርኩ። አብሬያቸው እስከ ምሳ አረም ነቀልኩ። ስወጣ "ያንን ሰውዬ አጥፊው" አሉኝ። እቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት እሱን ነው። ዋናው ቅጂ እንዳለ ነበር፣ ተመስገን።

ጁላይ 7

ነገሩን ገለበጥኩት። ከበሮውን ለፕሮጀክቱ ሳይሆን ፕሮጀክቱን ለከበሮው።

ሉፕ ተውኩ። ፓፓ ማታዮ ያንን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር የመቱትን፣ ዶሮው ዝም ያለበትን፣ አንድ ሳልነካ አስገባሁ። በየምቱ ምልክት አደረግሁና ኮምፒውተሩን "አንተ ተከተላቸው" አልኩት። ተከተለ። መቶ አሥራ ስምንት፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ አራት፣ ደግሞ ዝቅ... ቁጥሩ ይተነፍሳል።

ሲለጠጥ የኖሮዋ ጊታር ግን እንደ ሰካራም ሆነ። እንዳለ ላክሁለት።

ወዲያው ደወለ። "ምን አድርገሽ ነው ዘፈኔን? ጊታሬ ተበላሸ እኮ!"

"አልተበላሸም። ሰዓት አልጠበቀም።"

"ቴፓኤሩ!"

"እንደገና ምታው። ከበሮውን ሰምተህ።"

"በዚህ ማንም መምታት አይችልም! አንድ ቦታ አይቆምም!"

"አራት ሰዎች አብረዋቸው መትተዋል። አንዱ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ አንዱ አውቶቡስ ይነዳል። አንተ ሙዚቀኛ ነህ አይደል?"

ዘጋ። በዚህኛው እሱ ዘጋ።

ጁላይ 11

ጊታር የሌለበትን ቅጂ አዳራሽ ወስጄ ለቀቅሁት። ማንም ሰልፍ ሳይዝ ራሪ ተነሣች። ከዚያ ሁሉም። ማማ ቱንጋኔ ሞተራቸውን አስነሥተው ወደ ፓፓ ማታዮ ቤት ሄዱ።

ጁላይ 14

ተመለሱ። አምስቱም። ፓፓ ማታዮ ለኔ ሰላምታ አልሰጡኝም፤ ግን ወንበራቸውን እንዳመጣላቸው አዘዙኝ።

ጁላይ 23

ኖሮዋ መጣ። ጊታሩን ይዞ፣ ፊቱን አጥቁሮ። ኦክላንድ አሥር ቀን ሞክሮ አልሆነለትም። ይህን ያወጣው ራቱን በልቶ ከጠገበ በኋላ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ከከበሮዎቹ ጎን ተቀመጠ። አንዴ ጀመረ፣ ወደቀ። ሁለቴ፣ ወደቀ። ዓሣ አጥማጁ "ለበዓሉ እደርሳለሁ ነው ያልከው? የየትኛው ዓመት?" ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። እኔም ሳቅሁ። አላፍርም።

ፓፓ ማታዮ ብቻ አልሳቁም።

"ልጄ፣ ጣትህን አትይ። እኔንም አትይ። የሷን ጉልበት እይ።" በመምቻቸው ራሪን ጠቆሙ።

አምስተኛው ላይ ያዘ። ሙሉውን አይደለም... ግን ሲዞሩ ከነሱ ጋር ዞረ። ጨርሶ ላቡን ሲጠርግ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "በስልክ ያልኩትን ነግረሻቸዋል?" ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ነግሬያቸዋለሁ አልኩት። ለምን ልዋሽለት?

ፓፓ ማታዮ ፊት ሄዶ ጎንበስ ብሎ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። አንድ ኩርኩም ሲያቀምሱት ግን አይቻለሁ።

ጁላይ 26

እዚህ ክፍሌ ውስጥ ጊታሩን ቀዳን። ራሪ ጠባቧ ወለል ላይ ጨፈረችለት። ለፓፓ ማታዮ ያለቀውን ላሰማቸው ብል "ስመታው ሰምቼዋለሁ" ብለው ወደ ማሳቸው ሄዱ።

ኦገስት 5

በዓሉ አለፈ። በጭፈራ ሁለተኛ ወጣን። ዳኞቹ ምን ዓይን እንዳላቸው አላውቅም፣ ማማ ቱንጋኔ እስካሁን እየተሳደቡ ነው። ቅጂው ላይ የፓፓ ማታዮና የአራቱ ስም ከኖሮዋ ስም በላይ ተጽፏል። ራሱ ነው የጻፈው። እኔ ግን ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጊዜ አይቼ አረጋግጫለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከማዶ መንደር አንድ የመዝሙር ቡድን ሊቀዳ መጣ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ገና ሳይቀመጥ "የምቱን ፍጥነት ስንት ላይ እናድርገው?" አለኝ።

"ከበሮ መቺያችሁ የታለ?"

"ኋላ ይመጣል፣ ከላዩ ይመታል።"

"እንግዲያው ኋላ ኑ" አልኳቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ። ይሂዱ።

ከሰዓት ኖሮዋ ከኦክላንድ ጻፈ። አዲስ ዘፈን አለው። ጊታር አላያያዘም፣ ቁጥር አልጻፈም። "መጀመሪያ ከበሮውን ላኪልኝ። መቼ ይደርሳል?" ይላል።

ፓፓ ማታዮ ጎደሬ እየተከሉ ነው፤ እስኪጨርሱ ሁለት ሳምንት።

አልመለስኩለትም። ይጠብቅ።