የጋሽ በላቸው የወገብ ክኒን

ረቡዕ፣ መጋቢት 9 ቀን 2001፣ ኮተቤ

ከትምህርት ቤት ስመለስ አከራያችን ጋሽ በላቸው በር ላይ ያዙኝ። ከኪሳቸው ክኒኖችና አንዲት ወረቀት አወጡ። «ና እስቲ አንተ እንግሊዝኛ አዋቂ፣ ይቺን አንብብልኝ። የወገብ መድኃኒት ናት።»

ወረቀቷ የመድኃኒቱ ስምና የሚሠራው ንጥረ ነገር ካለበት ላይ ተቀድዳለች። የወገብ ከሆነ ስሙን ምን አስቀደደው? ጥግ ላይ ደግሞ «ለወንዶች ብቻ» የሚል ቀርቷል። የሴት ወገብ አያምም መሰለኝ!

የተረፈው የማይሠሩት ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ነው፤ ማቅለሚያ፣ ማጣበቂያ፣ ላክቶስ።

«ላክቶስ ደግሞ ምንድነው?»

«የወተት ስኳር።»

ክው አሉ። «በሁዳዴ?»

ሁዳዴ የሚከለክለው ወተት ብቻ መሰላቸው እንዴ?

እኔን ያስደነገጠኝ ከታች ያለው ነው፤ ከምላስ ሥር ከሚደረግ የልብ መድኃኒት ጋር ከተወሰደ ሊገድል ይችላል ይላል። እሳቸው ደግሞ ያቺ የልብ ክኒን ከኪሳቸው አትለይም። ስነግራቸው «ፋብሪካ ሁሉ እንዲህ ይጽፋል» ብለው ሳቁብኝ።

ስለዚህ ዋሸሁ። «ጋሼ፣ ከመድኃኒቱ ወተቱ ይበዛል» አልኳቸው።

ወረቀቷን ወዲያው ወረወሯት። ክኒኖቹን ግን እዚያው የልብ መድኃኒታቸው ያለበት ኪስ መለሷቸው። ጾም ገድፈው የማያውቁት ሰውዬ ሊገቡ ሲሉ ዞር ብለው፣ «ለመሆኑ ፋሲካ ስንት ቀን ቀረው?» አሉኝ።